ቱቦው የተለካው ለማን ነበር?

ሚዛን ላይ ከአስፋልቱ ግርጌ ያለ ቤት ጎርፍ ከገባው፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ቦይ ውስጥ ቆሻሻ የደፋው ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። የቱቦው ታሪክ ግን ከእሱ ይቀድማል።

ጣልያን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ መንገድ ሲያወጣ በየጅረቱ መሻገሪያ የውሃ ማሳለፊያ ሠርቶ ነበር። ከ1933 በኋላ ቦዩን በወጉ የሚጠርግ ጠፋ። በአፈር የተደፈነ ቦይ ውሃውን መንገዱ ላይ ይለቀዋል፤ ያ ሁሉ የተደከመበት መንገድ እየተሸረሸረ ሄደ። የዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ባበደረበት በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ቀዳሚው ሥራ ይህንኑ ፍርስራሽ መጠገን ነበር።

መንገድ ሠሪ ቱቦ የሚቀብረው መንገዱ እንዳይቆረጥ ነው። ውሃውን ወዲያ ማዶ ካሻገረ ሥራው አለቀ። ወደ ሚዛንና ቴፒ ስንወርድ ደግሞ ወዲያ ማዶ የነበረው ጫካና ቡና ነው።

አካባቢው በዓመት 2 ሺህ ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። በጥላ ዛፍ ሥር ባለ ቡና ውስጥ፣ የረገፈው ቅጠልና ልሙ አፈር አብዛኛውን ይጠጡታል። በመሐንዲሶች የተለመደ ስሌት፣ በሰዓት 50 ሚሊሜትር ቢጥል ከ1 ሄክታር ጫካ በሴኮንድ 28 ሊትር ገደማ ይወርዳል። ያው ሄክታር ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲለብስ 125 ሊትር ይሆናል። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው! ዩኒቨርሲቲው በ1999 መጣ፣ ክልሉ በ2014 ተመሠረተ፣ ቤቱም በዚያው ልክ በዛ። የጫካ ዘመን ቱቦ ባለበት ከቀረ ትርፉ ውሃ ሳሎን ይገባል።

60 ሳንቲሜትር ቱቦ በ1 ሜትር ቢተካ ለዓይን እጥፍ እንኳ አይመስልም። በአንድ ዓይነት ተዳፋት የሚያሳልፈው ውሃ ግን አራት እጥፍ ይጠጋል።

አዲስ ሰፈር ሲፈቀድ ታዲያ "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቦይ ተሠራ" የሚለው ሪፖርት ምን ይነግረናል? ጥያቄው ከላይ ስንት ሄክታር ወደዚህ አፍ እንደሚፈስ፣ ከታች ደግሞ ቦዩ የት እንደሚያበቃ ነው። ወንዝ ሳይደርስ የተቋረጠ ቦይ የሰፈሩን ጎርፍ ሰብስቦ ለመጨረሻው ቤት ያስረክባል። ገምጋሚውም በጥር ሳይሆን በሐምሌ ይምጣ። በጥር ሁሉም ቱቦ ደህና ይመስላል፤ በሐምሌ ግን የግርጌ ነዋሪዎች ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን የጭቃ መስመር በጣታቸው ያሳዩታል።