ቪዲዮ ዴኩን የገደለው ማን ነው?

ከአሜሪካ በሻንጣ፣ በልብስ መሀል ተጠቅልሎ የመጣው ቪዲዮ ዴክ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ስር ይቀመጣል። ጎረቤት ይጠራል፤ ቡና ይፈላል። ሶኬቱ ሲሰካ አንድ ጊዜ "ጧ!" ይልና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። በቃ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ውጭ አገር ዘመድ የነበረው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ይህን ታሪክ ወይ በራሱ ቤት አይቶታል፣ ወይ ከጎረቤት ሰምቶታል። ቁጣው የሚወርደው ሶኬቱን በሰካው ልጅ ላይ ነበር። ልጁ ግን ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የተወሰነው እሱ ከመወለዱ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ ኒውዮርክና በርሊን ላይ ነው።

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ ውስጥ በፐርል ጎዳና የኤሌክትሪክ ጣቢያውን ሲከፍት ኃይሉን ወደ 110 ቮልት ያደረገው የዚያን ዘመን አምፖል የሚችለው ያን ያህል ስለነበር ነው። በርሊን ግን በ1899 ወደ 220 ለመዞር ወሰነች። ምክንያቱ የመዳብ ሒሳብ ነበር፦ ቮልቱ በእጥፍ ሲያድግ ያው ሽቦ እጥፍ ኃይል ይሸከማል። አሜሪካ በዚያ ጊዜ ብዙ አምፖል ቀድማ ሰቅላለች፤ ሁሉንም አውርዶ መጣል የማይታሰብ ነበር። አውሮፓ በ220 ቀጠለ። ኢትዮጵያ መብራቷን የወሰደችው ከአውሮፓው ወገን ነው፤ ስደተኛ ልጆቿ በብዛት የሄዱት ደግሞ ወደ 110ው አገር።

ለአሜሪካ ገበያ በተሠራ ብዙ ዴክ ውስጥ ከሶኬቱ የመጣው ኃይል መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይቀየርና ትልቅ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል። በአሜሪካ መብራት እዚያ የሚደርሰው 170 ቮልት ገደማ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚገጠምለት 200 የሚችል ካፓሲተር ነው። አዲስ አበባ ላይ 310 ይደርሰዋል። "ጧ" ያለው እሱ ነው። የሚገርመው ታዲያ፣ ብዙው ዴክ በዚህ አይሞትም ነበር። ጠጋኙ ፊዩዙንና ካፓሲተሩን፣ ሲብስም አጠገባቸው ያለውን ትራንዚስተር ቀይሮ፣ ኃይሉን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አስገዝቶ ይመልሰዋል። ያ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ ሲሠራ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ትራንስፎርመር በብዙ ቤት ከዴኩ ጎን ለዓመታት ተቀምጧል።

የኃይሉ ነገር ሲፈታ የምስሉ ይቀጥላል። አሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓቷን ኤን ቲ ኤስ ሲን በ1953 አጸደቀች፦ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ገደማ ምስል፤ ቁጥሩ ከ60 ዑደቱ መብራቷ ጋር የተያያዘ ነው። ጀርመናዊው ቫልተር ብሩክ ቴሌፉንከን ውስጥ ሆኖ ያወጣው ፓል ደግሞ 625 መስመርና 25 ምስል ይዞ፣ ከ50 ዑደቱ መብራት ጋር ተስማምቶ መጣ። በ1964 የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1984 ወደ ቀለም ሲገባ የመረጠው ፓልን ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን የተላከ የሰርግ ካሴት ፓል ብቻ በሚያውቅ ዴክ ሲገባ ምስሉ ይቀደዳል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ የሙሽራው ድምፅ እየተጎተተ ይወፍራል። ካሴቱ ደህና ነው፤ ዴኩም ደህና ነው። ሁለቱ ቋንቋ አልተግባቡም እንጂ። ሁለቱንም የሚያነበው ዴክ ቢገኝ እንኳ አሮጌው ቴሌቪዥን ምስሉን ወደ ላይ ያሽከረክረዋል፤ ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ቀስ አድርጎ ማዞር የሚያውቅ ሰው ያን ቀን የቤቱ ጀግና ነው።

ቪ ኤች ኤስ ቤታማክስን እንዴት አሸነፈ የሚለው ክርክር ስንት መጽሐፍ ተጽፎበታል። እናት ለመስማት የጓጓችውን የልጇን ድምፅ ያዛባው ግን ያ ፉክክር አይደለም።

ቀሪው ብልሽት የየቀኑ ነው። "መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዴኩ እምቢ አለ" የሚለው ስሞታ ከሁሉም የተለመደው ነበር፤ ሰውም የሚያማው መብራቱን ነው። ዴክ ግን ቢጠፋም ሰዓቱን ለማስኬድ ሌት ተቀን ኃይል ይወስዳል። ዓመታት የፈጀው ሙቀት ኃይሉን የምታስነሳውን ትንሽ ካፓሲተር ያደርቃታል፤ የደረቀችው ካፓሲተር የተነሳውን ማስቀጠል አያቅታትም፣ እንደ አዲስ ማስነሳት ግን አትችልም። መብራት መጥፋቱ የቆየውን ሕመም ገለጠው እንጂ አላመጣውም። መድኃኒቱ ከሻይ የማይበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ነበር። ይህን ባለማወቅ የተጣለው ዴክ ያሳዝናል።

ምስሉ በነጭ ነጠብጣብ ሲሞላ ደግሞ የሚጠረጠረው ሄዱ ነው። የፓል ዴክ ከበሮ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ በላዩ ያሉት ሄዶች ምስሉን የሚያነቡበት ክፍተት ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። የረገፈ የካሴት ዱቄት ይደፍነዋል። አልኮል በነካ ለስላሳ ቆዳ፣ ጨርቁን ይዞ ከበሮውን በቀስታ ማዞር ይበቃል። ወደ ላይና ወደ ታች ያሸ ሰው፣ ወይም በጆሮ ጥጥ የጎረጎረ፣ ሄዱን ሰብሮ ይነሳል። የዴክ ገዳይ ከተፈለገ ጥጡ ከ220 ቮልት ያላነሰ ተጠርጣሪ ነው።

የመጨረሻው ትልቅ አምራች የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቆመ፤ በቂ ገዢም ዕቃም አልተገኘም። በ2019 ዩኔስኮ ከድምፅና ምስል መዝገብ ጠባቂዎች ማኅበር ጋር ስለ ማግኔት ካሴት የማስጠንቀቂያ ጥሪ አወጣ፦ የማጫወቻ መሣሪያ እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ 2025 ገደማ ያበቃል የሚል።

ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ካሴት ደብዳቤ ነበር። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ለመቅበር ያልደረሰ ልጅ እንዲያየው የተቀረፀ ለቅሶ፣ "እኛ ደህና ነን" ብላ ካሜራ ፊት የቀረች አያት አሉበት። ግማሹ በኤን ቲ ኤስ ሲ፣ ግማሹ በፓል፣ በሁለት አህጉር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ የሚያጫውተው የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "የየት አገር ካሴት ነው?" ተብሎ ነው። ጠጋኙም አንዱን ዴክ ለማስነሳት ከሌሎች ሁለት ከሞቱ ዴኮች ዕቃ ይፈታል።