የመጀመሪያዋ ቼክ 15 ዶላር ነበረች

ወዳጆቼ፣ አሜሪካ ካሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። "ቲቸር፣ ከሥራ ቀነሱኝ። አንኢምፕሎይመንት ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ? የመንግሥት እጅ ማየት ከበደኝ።"

እኔ የማውቀው ታሪክ ነውና በታሪክ ልመልስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1911 እንግሊዝ አንድ ሕግ አወጣች። እንደ ግንበኛና መርከብ ሠሪ ያሉ፣ ሥራቸው በየጊዜው የሚቋረጥ ሠራተኞች በየሳምንቱ ያዋጣሉ፤ አሠሪውም መንግሥትም ይጨምራሉ። ሥራ ሲጠፋ በሳምንት 7 ሺሊንግ፣ በዓመት ቢበዛ ለ15 ሳምንት ይከፈላል። ዕድር በሉት። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፤ "ለመሆኑ ቤትህ ስንት ወንበር አለ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያ ጥያቄ የመጣው በ1931፣ ኢኮኖሚው ሲደቅ ነው። የመድን ጊዜያቸው ያለቀባቸውን ሰዎች መርማሪ ቤታቸው ድረስ እየገባ ምን የሚሸጥ ዕቃ እንዳላቸው ያይ ጀመር፤ የልጅየው ደሞዝ ሳይቀር ተቆጥሮ የአባትየው ድጎማ ይቀነስ ነበር። "ሥራ አጥ" ከሚለው ቃል ጋር ሀፍረት የተጣበቀው በእኔ እምነት እንዲህ ባለው ምርመራ ነው።

አሜሪካ ዘግይታ፣ በሌላ በር ገባች። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ኮመንስ ያስተዋለው ነገር ነበር፦ ፋብሪካ ውስጥ ለተጎዳ ሠራተኛ አሠሪው ካሳ እንዲከፍል በሕግ ሲገደድ ማሽኑን መከለል ይጀምራል። ታዲያ ሰው ሲያሰናብትስ ቢከፍል? ከኪሱ የሚወጣ ከሆነ ዝም ብሎ አያሰናብትም። ሐሳቡ በ1921 በረቂቅ ሕግ ቀርቦ ወደቀ። ከዓመታት በኋላ ግን የራሱ ተማሪዎች፣ ባልና ሚስቱ ፖል ራውሸንቡሽና ኤልሳቤጥ ብራንዳይስ ከሃሮልድ ግሮቭስ ጋር ሆነው አረቀቁት፤ በጥር 1932 የዊስኮንሲን ሕግ ሆነ። (መምህር ሆኖ በዚህ የማይቀና አለ?)

በ1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ ፈት ነበር። ነሐሴ 1935 ሩዝቬልት የሶሻል ሴኩሪቲን ሕግ ፈረመ፤ ከጀርባው የሠራተኛ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ነበረች። ዘዴው ብልህ ነው፦ ፌዴራል መንግሥቱ በአሠሪዎች ላይ ግብር ጣለ፤ የራሱን የሥራ አጥ መድን ላቋቋመ ግዛት አሠሪዎች ግን ከግብሩ እስከ 90 በመቶው ይታሰብላቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ግዛቶች ሕግ አወጡ። ቨርጂኒያ የሚሠራና ሜሪላንድ የሚሠራ ወንድማማቾች ዛሬ የተለያየ ፎርም ሞልተው የተለያየ ገንዘብ የሚያገኙት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዋ ቼክ ነሐሴ 17 ቀን 1936 ማዲሰን ከተማ ለኒልስ ሩድ ተሰጠች፤ 15 ዶላር። ሩድ አልመነዘራትም። ለታሪክ ሲል ራውሸንቡሽ በ25 ዶላር ገዛው!

እንግዲህ መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ከሠራተኛውም የሚቆርጡት ግዛቶች ሦስት ብቻ ናቸው፦ አላስካ፣ ኒው ጀርዚና ፔንሲልቬኒያ። የምትሞሉት ፎርም የድህነት ማመልከቻ አይደለም። "ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል" ለምትሉም፣ በ1999ም ሆነ በ2022 የወጡት የኢሚግሬሽን መመሪያዎች ይህን ገንዘብ በሥራ የተገኘ ብለው ከመንግሥት ጥገኝነት ለይተውታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የኮመንስ ሐሳብ ሌላ ጠባይም አለው። ብዙ ያሰናበተ አሠሪ ግብሩ ስለሚጨምር ሠራተኛ ከማቆየት ይልቅ ማመልከቻውን መቃወም የሚቀናው አለ፦ "እኔ አላሰናበትኩትም፣ ራሱ ነው የለቀቀው" ይላል። እዚህ ላይ ይሉኝታችን ይጎዳናል። የቀነሰንን አለቃ ላለማስከፋት "በስምምነት ተለያየን"፣ "ለቀቅኩ" ብለን እንጽፋለን። ተቀንሳችሁ ከሆነ "ተቀነስኩ" በሉ፤ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው በአብዛኛው ይከለከላል። የሥራ መጨረሻ ቀናችሁንና የስንብት ደብዳቤያችሁን ያዙ። ሳትዘገዩ ሙሉ፤ ባለፈው ሳምንት ሁልጊዜ አይከፈልም። ከዚያም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣውን ጥያቄ ሳትዘሉ መልሱ። ከከለከሏችሁ ይግባኝ አለ፤ ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፣ አጭር ነው። አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ሁሉም ግን ከዕድሩ አልገባም። የ1935ቱ ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ውጭ ተዋቸው፤ የዚያን ጊዜ አብዛኛው ጥቁር ሠራተኛ ደግሞ እዚያ ነበር። ለአንዳንዶቹ በሩ የተከፈተው በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ ደግሞ የኛ የኡበርና የታክሲ ሾፌሮች አሉ። "የራሳችሁ አሠሪ ናችሁ" ስለሚባሉ በአብዛኛው ግዛት አይታቀፉም። በኮቪድ ጊዜ፣ መጋቢት 2020፣ ኮንግረሱ ለነሱም ከፈተላቸው። መስከረም 2021 ተዘጋ።

የግዛታችሁን አሠራር የምታውቁ ከታች ጨምሩበት፤ በተለይ ይግባኝ ብላችሁ የረታችሁ።