በማስተዋል መዘመር፦ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ እና የአንድ ዘመን ዝማሬ

ባለፈው ክረምት ለሚ ኩራ፣ አያት አካባቢ፣ እኛ ብሎክ ሥር ድንኳን ተተክሎ ነበር። የጎረቤታችን እናት አርፈው ልቅሶ ተቀምጠናል። ማታ ላይ አንድ ሽማግሌ መዝሙር አነሱ፤ ድንኳኑ ሙሉ ተቀበላቸው። መብራት ጠፍቷል፣ ወረቀት የያዘ የለም፣ ስልኩን ያወጣም የለም። ሦስተኛው ቁጥር ላይ እንኳ የተደናገረ ሰው አልነበረም። አጠገቤ የነበረች አንዲት ሬዚደንት፣ የጎረቤት ልጅ፣ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ይሄ የማን መዝሙር ነው?» አለችኝ። «የተስፋዬ ጋቢሶ» አልኳት። «እሳቸው ደግሞ ማናቸው?»

መልሱን እዚያው ጀመርኩት፣ ግን አልጨረስኩትም። የመታሰቢያ መጽሔታችን አዘጋጆች ጽሑፍ ሲጠይቁኝ ትዝ ያለኝ ያ ጥያቄ ነው።

ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ የሲዳማ ሰው ናቸው። ግጥምና ዜማውን ራሳቸው ይደርሳሉ። በደርግ ዘመን በእምነታቸው ምክንያት ሰባት ዓመት ታስረዋል፤ እስር ቤት ሆነውም መድረስ አላቋረጡም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የኖሩት ላይላ ባሊስኪ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ እሳቸው መጽሐፍ አሳትመዋል። በመጽሐፉ ውስጥ በዚያ ዘመን የተደረሱ 104 መዝሙሮቻቸው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ይገኛሉ።

እንዲህ ያለ ዘማሪ ከየት ተገኘ? ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1920 ዓ.ም. የወንጌል መልእክተኞች ወደ ወላይታ፣ ወደ ሐዲያና ወደ ሲዳማ ሲወርዱ የመሯቸው የእኛው ሙያ ሰው፣ ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበሩ። ጣሊያን መልእክተኞቹን ካስወጣ በኋላ ጥቂት የነበሩት አማኞች ከነጻነት በኋላ በብዙ እጥፍ በዝተው ተገኙ። ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ በየጉባኤው ይዘመር ከነበረው ብዙው ከውጭ የተተረጎመ ነበር። ቃሉ አማርኛ ነው፣ ዜማው ግን የሌላ አገር። በአገርኛ ዜማ አዲስ ድርሰት ይዞ የመጣው ወጣቱ ነው።

እዚህ ላይ የእኛም ተማሪዎች ድርሻ አላቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በሐረርና በናዝሬት የነበሩ ተማሪዎች የጸሎት ስብሰባ ያደርጉ ነበር። ክረምት ሲሆን ደግሞ ሐዋሳ ወደሚገኘው የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን የሚወርዱ ነበሩ። ከዚህ እንቅስቃሴ በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። መንግሥት ሊመዘግባት አልፈቀደም፤ በ1964 ዓ.ም. ብዙ አባላቷ ታሰሩ። የመዘምራን ቡድኗ ግን ለሌሎች አርአያ ሆነ፤ በየከተማው ወጣቱ ራሱ እየደረሰ መዘመር ጀመረ።

ደርግ ሲመጣ ብዙዎች መጀመሪያ ላይ ተንፈስ ብለው ነበር፣ ግን አልዘለቀም። በ1971 ዓ.ም. ሙሉ ወንጌል ተዘጋች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ተገደሉ። በደቡብም ብዙ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች በራቸው ታሸገ። ስብሰባው ወደ ጓዳ ገባ። መዝሙር ግን አይታሸግም፤ በቃል ይያዛል። ከዚያ ደግሞ ካሴት መጣ። አንዱ ካሴት ከሌላው ይቀዳል፣ እሱም ከሌላው፣ ድምፁ እስኪሻክር ድረስ።

ባሊስኪ የተስፋዬን መዝሙሮች በሦስት ጭብጥ ይከፍሏቸዋል፦ ባቢሎን፣ የመሐሉ ጊዜና ጽዮን። ባቢሎን ስደቱ ነው፣ የመሐሉ ጊዜ የየዕለቱ ኑሮ፣ ጽዮን ደግሞ የመጨረሻው ተስፋ። በሰምና ወርቅ ላደገ አድማጭ ባቢሎን የት እንዳለች የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን መሐሉ ነው። ሰባት ዓመት የታሰረ ሰው ስለ እስርና ስለ ሰማይ ብቻ ቢዘምር ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን ስለ ተራ ቀንም ደርሰዋል። ልቅሶ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ ዛሬም የሚያንጎራጉራቸው ሰው ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ጋሽ ተስፋዬ አጥብቀው የሚይዙት አንድ ሐሳብ አለ፤ በማስተዋል መዘመር። ዜማው ደስ ስላለን ብቻ ሳይሆን የምንለውን እያወቅን እንድንዘምር። መዝሙሮቻቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር በጥብቅ የተሳሰሩ ናቸው። መጽሐፉን በነጻነት ማንበብ በማይቻልበት ጓዳ፣ መዝሙሩ ትምህርቱንም ተሸክሞ ነበር ማለት ነው።

እኛም ቤት አንድ ካሴት ነበር። እናቴ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታዳምጠው፣ መስኮት ዘግታ። ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ አጠንጥኜ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያን ካሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ባለ ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴን በግራ አንጎሏ በኩል ስትሮክ መታት። የሚባለውን ትረዳለች፣ መናገር ግን አልቻለችም። የእኔን ስም እንኳ አጣችው። አንድ ቀን ፀጉሯን እያበጠርኩ ከዚያ ካሴት አንዱን መዝሙር ሳንጎራጉር ተቀበለችኝ፣ ቃሉን ሳታጓድል። ለባልደረቦቼ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ንግግር በአብዛኛው የግራው አንጎል ሥራ ሲሆን በደንብ የተለመደ ዜማ ከቀኙም ድጋፍ ያገኛል። ቦስተን ውስጥ ያሉ ሐኪሞች በዜማ ንግግርን የመመለስ ሕክምና ካስተዋወቁ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ግን ማበጠሪያውን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ።

እናቴ መዝሙሩን ከነቃሉ ያዘችው፣ ድንኳኑም እንዲሁ። የደራሲው ስምና የተከፈለው ዋጋ ግን አብሮ አልተያዘም። ዛሬ በሰሚትና በአያት በየአዳራሹ የድሮ መዝሙሮች በአዲስ ቅንብር ይዘመራሉ፤ ደስ ይላል። የማን እንደሆኑና መቼ እንደተደረሱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ይህ ካልታወቀ፣ ጋሽ ተስፋዬ ራሳቸው እንዳሉት በማስተዋል እየዘመርን ነው ለማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ ውድ የቀድሞ ተመራቂዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ በላስቲክ የታሰሩ ካሴቶች አሉ፣ የመዝሙር ደብተሮች አሉ፣ በዚያ ዘመን በጓዳ ያገለገሉ ወላጆች አሉ። ካሴት ይበላሻል፣ ሰውም ያልፋል። መሣሪያው ያላችሁ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር አስተላልፏቸው። የታሪክና የሙዚቃ መምህራኖቻችን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ወደ እነዚያ ወላጆች ላኳቸው። ማን ደረሰው፣ የት ሆኖ፣ ማን አስተማራችሁ ብለው ይጠይቁ።

ያቺን ሬዚደንት ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ አገኘኋት። አያቷን ጠይቃ ሦስት መዝሙር ከነደራሲያቸው ደብተሯ ላይ ጽፋለች። አራተኛውን የማን እንደሆነ አያቷም አላወቁትም።