መሣሪያ ሲያሳስት፦ ከበረራ ሥልጠና ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ለሚገኘው ለወሎ ሰፈር ነዋሪ የአውሮፕላን ድምፅ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በደመና ውስጥ የሚበረው አብራሪ ግን ሰፈሩንም ሆነ ማረፊያውን አያይም፤ የሚመራው በፊቱ ባለው የመሣሪያ ሰሌዳ ብቻ ነው። ታዲያ መሣሪያው ራሱ ቢያሳስትስ? ይህ ጥያቄ የበረራ ባለሙያዎችን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ባለሙያዎችንም የሚመለከት ነው።

በመሣሪያ ብቻ የመብረር ጥበብ ረጅም ዕድሜ የለውም። አሜሪካዊው ጂሚ ዱሊትል ውጭውን ሳያይ ተነሥቶ ያረፈው መስከረም 14 ቀን 1922 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዘመን ኤድዊን ሊንክ ከመሬት ሳይነሣ የሚያሠለጥን መሣሪያ ሠራ። የአሜሪካ ጦር ግን ጥቅሙን በሚገባ የተረዳው እ.ኤ.አ. በ1934 ፖስታ እንዲያመላልሱ የታዘዙ አብራሪዎቹ በብርድና በጭጋግ ከሞቱ በኋላ ነው። በኢትዮጵያም ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ድጋፍ የተቋቋመው አየር መንገድ በመጀመሪያ በውጭ አገር አብራሪዎች ይሠራ ነበር፤ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

በሥልጠናው መምህሩ አንድ ወይም ሁለት መሣሪያ ይሸፍናል፤ ሠልጣኙም በቀሩት አውሮፕላኑን እንዲይዝ ይጠየቃል። ሆኖም ከተሸፈነው ይልቅ አደገኛው እየሠራ የሚመስለው ነው። የፍጥነት መለኪያው ቱቦ ሙሉ በሙሉ ቢደፈን አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር የሚታየው ፍጥነት ይጨምራል። ይህን ያመነ አብራሪ ፍጥነት ለመቀነስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ሲያደርግ እውነተኛውን ፍጥነት ያጣል። በመሆኑም ሠልጣኙ በቅድሚያ የታወቀ የሞተር ኃይልና የታወቀ የአፍንጫ አቋም መያዝን፣ ቀጥሎም መሣሪያዎቹን እርስ በርስ ማመሳከርን ይማራል።

ይሁን እንጂ መምህሩ ሊያዘጋጅ የሚችለው ለሚያውቀው ብልሽት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ እንደተነሣ፣ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካው የግራ መሣሪያ 74.5 ዲግሪ አሳየ፤ የቀኙ ግን 15 ያህል ነበር። በግራው መለኪያ ላይ የተመሠረተው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው፤ አውሮፕላኑም ከስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። መለኪያው ስለተበላሸበት ምክንያት የኢትዮጵያና የአሜሪካ መርማሪዎች አልተስማሙም። የማያከራክረው ግን ሥርዓቱ በአምራቹ የመጀመሪያ የአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ ሳይገለጽ መቆየቱ፣ አብራሪዎችም ስለ እርሱ የሰሙት በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ከሞቱ በኋላ መሆኑ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. አውሮፕላኑ በአሜሪካ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ አብራሪዎች በምስለ በረራ መሠልጠናቸው ግዴታ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። መምህር ተማሪውን በመሣሪያ መጠቀምን ብቻ ሳይሆን፣ በካልኩሌተር የተገኘን መልስ በግምት እንደ መመዘን፣ መሣሪያን መጠርጠርንም ሊያስተምረው ይገባል። የሥርዓተ ትምህርት ዐቃጅ ደግሞ ለማሳጠር ሲል የመሣሪያውን አሠራር ከመጽሐፉ ቢያወጣ፣ መምህሩ ያላወቀውን አደጋ ተማሪው ብቻውን እንዲጋፈጥ ያደርገዋል።