ተሰባሪው ብርቱ እጅ

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 1 ተቀምጦ 52 ካርታ የሚበውዝ ሰው፣ የያዛቸው ምልክቶችና የሚኖርበት ሰፈር ስም ከአንድ አገር መምጣታቸውን ልብ ላይል ይችላል። ለሰፈሩ ቁጥር የሰጠው የፈረንሳይ አስተዳደር ነው። ልብ፣ አልማዝ፣ ጦርና ባለ ሦስት ቅጠሉ ምልክትም የዛሬ መልካቸውን ያገኙት በ15ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ ነው።

ፈረንሳዮች እነዚህን ካርታዎች ወደ ሌላም አህጉር አሻግረዋል። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የመሠረቷት ኒው ኦርሊንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1803 ለአሜሪካ ከተሸጠች በኋላ፣ በከተማዪቱና በወንዙ መርከቦች ላይ ፖከር የተባለው ቁማር ተስፋፋ። ስሙም «ፖክ» ከተባለ የፈረንሳይ ጨዋታ ሳይወረስ እንዳልቀረ የብዙዎች ግምት ነው።

ከፖከር ዓይነቶች ዛሬ ገናናው «ቴክሳስ ሆልደም» ነው። የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ2007 ሮብስታውን የተባለችውን ትንሽ ከተማ የጨዋታው የትውልድ ስፍራ ናት ሲል እውቅና ሰጥቷታል። በጨዋታው እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ደብቆ ይይዛል። ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ደግሞ በጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ በመጀመሪያ ሦስቱ በአንድነት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከሰባቱ መካከል የተሻለ አምስት ካርታ ያሟላ ያሸንፋል። በየመካከሉ ገንዘብ ይያዛል፤ ገደብ በሌለው ጨዋታ ደግሞ ተጫዋቹ በተራው ያለውን ሁሉ ማስያዝ ይችላል።

ደካማ ካርታ የደረሰው ሰው ብዙ አይጨነቅም፤ ይጥለዋል። ከባዱ ፈተና የሚመጣው ብርቱ ሆኖ ሳለ ተሰባሪ የሆነ እጅ ሲያዝ ነው። ለምሳሌ 5 እና 4 ለያዘ ሰው በጠረጴዛው ላይ ጃክ፣ 5 እና 4 ቢወጡለት ሁለት ጥንድ ያገኛል። ተቃራኒው ሁለት ንጉሥ ደብቆ ከሆነ፣ ጥንዱ ጠረጴዛው ላይ ካለው ካርታ ሁሉ ቢበልጥም ለጊዜው ተሸናፊ ነው። ይሁን እንጂ ሦስተኛ ንጉሥ ቢመጣ፣ ወይም ሌላ ጃክ ወጥቶ የንጉሥና የጃክ ሁለት ጥንድ ቢያስገኝ፣ መሪው በቅጽበት ይወድቃል። ስለዚህ የመሪው ብልሃት አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት ነው፤ ተቃራኒው ቀጣዩን ካርታ በርካሽ እንዳያይ፣ ገና እየመራ ሳለ ዋጋውን ያስወድዳል። ነገር ግን ሳያውቅ ተቀድሞ ከሆነ፣ የጨመረው ገንዘብ ሁሉ ለተቃራኒው ሲሳይ ይሆናል።

ይህን መከራ ኤሪክ ሳይደል በ1988 በአደባባይ ቀመሰው። በላስ ቬጋስ በ1970 የተጀመረው የፖከር የዓለም ሻምፒዮና ለእርሱና ለጆኒ ቻን ብቻ ቀርቶ ነበር። ሳይደል ንግሥትና 7 ይዞ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ንግሥት፣ 10 እና 8 ወጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንድ የእርሱ መሰለው። ጃክና 9 የያዘው ቻን ግን ከ8 እስከ ንግሥት አምስት ተከታታይ ካርታ አሟልቷል። ቻን ኃይሉን ሸሸገ፤ ሳይደልም በመጨረሻ ያለውን ሁሉ አስይዞ ተሸነፈ። አንድ ጥንድ አነስተኛ ገንዘብ ለማሸነፍ ይበቃል፤ ሁሉም የተያዘበትን ጨዋታ ለመሸከም ግን ይከብደዋል።

በ2003 ሻምፒዮና እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር የሚያወጣ ቦታ የያዙ 839 ሰዎች ተሰለፉ። በመጨረሻ የቀሩት ሁለቱ፣ ሊባኖስ የተወለደው ባለሙያ ቁማርተኛ ሳም ፋርሃ እና በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ የመጣው የቴኔሲው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ ማኒሜከር ነበሩ። በአንዱ እጅ ፋርሃ የ9 ጥንድ ነበረው፤ በጠረጴዛውም ላይ ከ9 የሚበልጥ ካርታ አልነበረም። ማኒሜከር ምንም ሳይኖረው ያለውን ሁሉ ገፋ። ፋርሃ ረጅም ጊዜ አሰበና እየመራ ሳለ ካርታውን ጣለ።

ከዚያ የመጨረሻው እጅ ደረሰ። ማኒሜከር 5 እና 4፣ ፋርሃ ጃክና 10 ይዘው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ጃክ፣ 5 እና 4 ወጡ። ፋርሃ አስያዘ፤ ማኒሜከር ጨመረበት፤ ፋርሃ ያለውን ሁሉ ገፋ፤ ማኒሜከርም ተቀበለ። ካርታዎቹ ሲገለጡ ካልታዩት 45 ካርታዎች ፋርሃን የሚያስመሩት 5 ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ጃክና ሦስት 10። ቀጥሎ የወጣው 8 ለማንም የማይጠቅም ይመስል ነበር። ግን ሌላ 8 ቢደገም የፋርሃ ጃክና 8 ሁለት ጥንድ የማኒሜከርን 5 እና 4 ስለሚያሸንፉ፣ የማዳኛዎቹ ቁጥር ከ44 ካርታዎች ወደ 8 ከፍ አለ። መሪው ሳይሳሳት አደጋው ጨመረ። የመጨረሻው ካርታ 5 ሆነና ማኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ።

ይህ ድል የጨዋታውን ታሪክ ለወጠው። የሻምፒዮናው ተሳታፊዎች በ2004 ወደ 2,576፣ በ2006 ደግሞ ወደ 8,773 አሻቀቡ። ብዙዎች ከታሪኩ የወሰዱት ተራ ሰው ሊያሸንፍ እንደሚችል ብቻ ነበር። የዚያ እጅ ስሌት ግን ሌላም ይናገራል። ገንዘቡ ሁሉ በተያዘበት ጊዜ ማኒሜከር የማሸነፍ ዕድሉ ከአራት ሦስት ያህል ነበር። በትክክል ተጫውቶም ቢሆን ከአራት አንዴ ያን እጅ ይሸነፍ ነበር። ከ8,773ቱም ሻምፒዮን የሆነው አንድ ነው።

ብርቱ እጅ ብርታቱ እስከሚቀጥለው ካርታ ነው። ይህን የተረዳ ቁማርተኛ እየመራ ሳለ ዋጋ ያስከፍላል፤ መቀደሙን ሲጠረጥር ይተዋል። ከሁሉም በፊት ግን፣ አራተኛው ዕጣ ቢደርሰው ቤቱን የማይጎዳውን ያህል ብቻ ያስይዛል።