ከግብር አዳራሽ እስከ አየር ጤና፦ አዲስ ገብ ሠራተኛና የምግብ ቤት ታሪክ በአዲስ አበባ

አንድ ሠራተኛ ከሚያውቀው ከተማ ወደማያውቀው ከተማ በተዛወረ ጊዜ አስቀድመው የሚያሳስቡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የሚሠራበት፣ የሚያድርበትና የሚበላበት ናቸው። የመጀመሪያውን የዝውውር ደብዳቤው ይነግረዋል፤ ሁለተኛውን ደላላ ያገናኘዋል፤ ሦስተኛውን ግን ራሱ እየዞረ፣ እየቀመሰና እየተሳሳተ ካላወቀው በቀር የሚያሳየው የለም። ይህ ትንሽ መስሎ የሚታየው የኑሮ ጉዳይ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። ገንዘብ ከፍሎ፣ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጦ፣ የማያውቁት ሰው የሠራውን ምግብ መብላት በኢትዮጵያ ከተሞች የኋላ ዘመን ልማድ ነው። ልማዱ እንዴት እንደ መጣና አዲስ ገቡ ዛሬም ምን እንደሚጠይቀው ለማየት ከአዲስ አበባ መሐል ተነሥቶ በምዕራቡ ዳርቻ እስከምትገኘው አየር ጤና ድረስ መጓዝ ይበቃል።

፩. ሳይከፍሉ የሚበሉባት ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሠፈሮቿ የቆሙት በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነበር። ራስ ብሩ ሠፈር፣ ራስ ካሳ ሠፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሠፈር የሚሉት ስሞች የቦታ ስሞች ብቻ አልነበሩም። ሰው ለማን እንደሚያድርና ከማን ገበታ እንደሚበላ የሚናገሩ ጭምር ነበሩ። ወታደሩ፣ ባለሙያውና አሽከሩ ቀለቡን የሚያገኘው ከጌታው ጓዳ ነበር። በቤተ መንግሥት ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በአዳራሹ ግብር ሲያበሉ እንግዳው እንደየማዕርጉ ተራ በተራ እየገባ፣ ከጥሬ ሥጋው እየቆረጠ፣ ጠጁን እየጠጣ ይወጣ ነበር። ግብር መብል ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ሥርዓትም ነበር። የበላው ሰው ያበላውን ጌታ ያውቃል፤ ያበላውም ጌታ የበላውን ይቈጥራል።

መንገደኛው በበኩሉ «የእግዜር እንግዳ» እየተባለ በየደረሰበት ቤት ይስተናገድ ነበር፤ የመንግሥት እንግዳ ሲሆን ደግሞ ድርጎ ይታዘዝለት ነበር። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት በከተማው ቢኖሩም ዋና ሥራቸው መጠጥ ነበር። ምግብ ለገንዘብ መሸጥ፣ ይልቁንም ትልቅ ሰው በአደባባይ ከፍሎ መብላት፣ እንደ ነውር የሚታይ ነገር ነበር። ለዚህም ምክንያት አልጠፋም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ምሳሌ ያደገበት ኅብረተሰብ ብቻውን ከፍሎ የሚበላውን ሰው ወገን የሌለው አድርጎ ይመለከተዋል። በዚያ ላይ የሰው ዓይን የሚያስፈራው ሰው ሲጎርስ ጋቢውን ይከልል፣ መጋረጃ ያስጋርድ ነበር። ስለሆነም የምግብ ቤት መከፈት የንግድ ለውጥ ብቻ ሳይሆን የሥነ ልቡናም ለውጥ የሚጠይቅ ነበር።

፪. የእቴጌይቱ ሆቴል

ይህን ለውጥ በአደባባይ የጀመሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ሆቴል በአራዳ፣ ኋላ ፒያሳ በተባለው ሠፈር ሥራውን ጀመረ። ከተማዋ ነጋዴውንና የውጭ አገሩን እንግዳ ማብዛት በጀመረችበት ጊዜ ማደሪያና መመገቢያ የሚሆን ቤት ማስፈለጉ ግልጽ ነበር። ችግሩ ግን ቤቱን በመሥራት አላለቀም፤ የአገሩን ሰው ወደ ቤቱ ማስገባት ቀረ። መኳንንቱ ከፍሎ መብላቱን በተጠየፉት ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከባለሟሎቻቸው ጋራ ሔደው በልተው ሒሳቡን በመክፈል ልማዱን እንዳስጀመሩ ይተረካል። ትረካው በዝርዝሩ እንደ ተራኪው ቢለያይም ቁም ነገሩ አንድ ነው። በከተማዋ የመጀመሪያው ከባድ የምግብ ቤት ችግር የወጥ ጣዕም አልነበረም፤ «እዚህ ቤት ገብቼ ብበላ ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ጥያቄ በሌላው ዓለምም ተነሥቷል። በፓሪስ በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው ሬስቶራንት ስሙን ያገኘው ኃይልን ከሚመልስ የሥጋ መረቅ ነው። ከእርሱ በፊት መንገደኛው በእንግዳ ማደሪያ ቤት ከሌሎች ጋራ በአንድ ገበታ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ የቀረበለትን ይበላ ነበር። አዲሱ ቤት የሰጠው ነገር የራስን ጠረጴዛና ምርጫን ነበር። አዲስ አበባ ግን ልማዱን ስትቀበል ከአንዱ ነገር አልተላቀቀችም፤ ይኸውም በአንድ ትሪ ዙሪያ አብሮ መቊረስ ነው። ጠረጴዛው ተለየ እንጂ ገበታው አልተከፋፈለም።

፫. ደመወዝ የወለደው ተመጋቢ

ምግብ ቤትን የብዙኃን ጉዳይ ያደረገው ሆቴሉ ሳይሆን ደመወዝ ነው። የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የመኳንንቱን ግቢ በታተነ፤ ከነፃነት በኋላም አሮጌው የቀለብ ሥርዓት እንደ ነበረ አልተመለሰም። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የመንግሥት ሹማምንት በገንዘብ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ከአንዱ ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላው የሚዛወሩ ሠራተኞች ሆኑ። መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ የጤና ረዳቱና የፖስታ ሠራተኛው ኪሱ ውስጥ ገንዘብ አለው፤ በተዛወረበት ከተማ ግን ጓዳ የለውም። ጌታ የነበረው ሰው ደመወዝተኛ በሆነ ጊዜ የጌታው ገበታ ወደ ምግብ ቤት ተለወጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የደጃዝማች ውቤ ሠፈር ኋላ «ውቤ በረሃ» ተብሎ በመጠጥ ቤቶቹና በምሽት ጭፈራው መታወቁ ይህንኑ ለውጥ በአንድ የቦታ ስም ላይ ያሳያል።

ወረራው በከተማው አፍ ላይ የተወው ምልክትም ቀላል አይደለም። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ አሮስቶ፣ ኮቶሌት፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው «ሉካንዳ» ነው። በጣሊያንኛ የእንግዳ ማደሪያ የነበረው ቃል በአማርኛ ሥጋ ቤት ማለት ሆነ። የአዲስ አበባ ተመጋቢ ለእንግዳ ማረፊያ ከሥጋ የበለጠ መታወቂያ አላገኘለትም ያሰኛል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ታላላቆቹ ሆቴሎችም በመንግሥት እጅ ገቡ። የቀበሌ መዝናኛ ክበባት ተከፈቱ። ሰዓት እላፊው የእራትን ሰዓት አሳጠረ፤ ሰው በጊዜ በልቶ በጊዜ ወደ ቤቱ መግባትን ተማረ። በዚያ ሁሉ ግን አንዲት ሴት በመኖሪያ ቤቷ ፊት ሁለት አግዳሚ ወንበር ዘርግታ ሽሮና ፍርፍር የምትሸጥበት ቤት አልተዘጋም። የመንግሥት ሠራተኛውን፣ የቀን ሠራተኛውንና ተማሪውን በብዛት የመገበው ይህ ስም የሌለው ቤት ነው።

፬. የመንገዱ በር

አየር ጤና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚያስወጣው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ሠፈር ናት። ጎዳናው በዓለም ገና፣ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ጅማ ይገባል፤ ዓለም ገና ላይ የሚገነጠለው ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና ያመራል። ከተማዋ ስትሰፋ ዳርቻው መሐል ወደ መሆን ተቃረበ። በ1976 ዓ.ም. ቈጠራ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። በዚያው ቈጠራ ኮልፌ ቀራንዮ ብቻውን ከ400 ሺሕ በላይ ሕዝብ ነበረው። የቀለበት መንገዱ ሲሠራ፣ ኋላም በአጎራባቹ ጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲገነቡ፣ በሠፈሩ የሚያልፈውም የሚሰፍረውም በዛ።

እንዲህ ባለ የመንገድ በር ላይ ምግብ ቤት ሁለት ዓይነት ሰው ያስተናግዳል፤ የሚያልፈውንና የሚሰፍረውን። የሚያልፈው ሹፌር፣ ረዳትና መንገደኛ ቶሎ የሚደርስ፣ እስከሚቀጥለው ከተማ የሚያዘልቅ ምግብ ይፈልጋል፤ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት። የሚሰፍረው ግን በየቀኑ የሚችለውን ዋጋና የማይሰለቸውን ጣዕም ይፈልጋል። መንገዱ ከሚያመጣው ሰው ጋራ ምግቡም ይመጣል። ከጉራጌ አገር የመጣው ክትፎ ከአይብ፣ ከጎመንና ከእንሰት ከተሠራ ቆጮ ጋራ በዚህ አቅጣጫ የከተማው ገበታ አካል ሆኗል። በአገሩ ክትፎ ይልቁንም የመስቀል በዓል ምግብ ነው፤ ቤተሰብ ከያለበት ተሰብስቦ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ሚጥሚጣው ተዘጋጅቶ የሚበላ ነው። ከተማ ሲገባ በማንኛውም የፍስክ ቀን የሚሸጥ ሆነ። ለማያውቀው ሰው የምግብ ዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ ስም ነው፤ ለባለ አገሩ ግን በወር መካከል ብቻውን ተቀምጦ የሚበላው የበዓል ምግብ ነው። የደስታውንና የናፍቆቱን መጠን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

፭. አዲስ ገቡ የሚጠይቀው

አዲስ የተዛወረ ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ሠፈር ምግብ ቤት ሲመርጥ የሚመረምረው ጣዕምን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ ይጠይቃል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ በአንድ አጥር ይኖራሉ፤ የሥጋው ገበታ ግን በልማድ የተለየ ነው። በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚታየው የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክት ለአዲስ ገቡ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ ለመጠየቅ እንዳያፍር ያደርገዋል። ሁለቱ ወገኖች አብረው ሊቈርሱ በፈለጉ ጊዜ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ያለበት በያይነቱ በአንድ ትሪ ይቀርባል። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴ 55 ቀናት፣ ይህ የጾም ገበታ ክርስቲያኑ የሚጾምበት፣ ሙስሊሙም ያለ ሥጋት አብሮት የሚቀመጥበት ይሆናል። ለጾም የተሠራ ምግብ ያልታሰበ የመቻቻል አገልግሎት መስጠቱ በከተማው ማኅበራዊ ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የዋጋ ነው። ልምድ ያለው ሰው በአዲስ ቤት አስቀድሞ ሽሮ ያዛል። ክትፎ በቅቤው፣ ጥብስ በሽታው ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል፤ የሽሮ ጉድለት ግን መሸሸጊያ የለውም። እንጀራው የትናንት መሆኑና ዱቄቱ ማነሱ ወዲያውኑ ይታወቃል። ቤቱ ፈተናውን ካለፈ ሠራተኛው የወር ኮንትራት ይገባል። ደመወዝ ሲቀበል ይከፍላል፤ በወሩ መጨረሻ ሲያጥረው በደብተር ዱቤ ይያዝለታል። የኑሮ ውድነት በበረታ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሠራተኞች አንድ ምግብ አዝዘው እንጀራ ያስጨምራሉ፤ ባለቤቲቱም አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ያ ማለፍ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ያልሰፈረ የበጎ አድራጎት ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ በቃል የማይነገረው ነው፤ ይኸውም «እዚህ ቤት ያውቁኛል ወይ?» የሚለው ነው። አዲስ ገቡ በመጀመሪያው ሳምንት በር አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። በሁለተኛው ወር አስተናጋጁ ሳይጠይቀው ያመጣለታል። አንድ ቀን ታሞ በቀረ ማግሥት ባለቤቲቱ «ምነው ትናንት ጠፋህ? ደኅና አይደለህም እንዴ?» ያለችው ዕለት የዝውውሩ ደብዳቤ ያላስገኘለትን ነገር ያገኛል። ከተማው ቀሪ አለብኝ ብሎ ቈጥሮታል። በአሮጌው የግብር አዳራሽ የበላውን ይቈጥር የነበረው ጌታው ነው፤ ዛሬ የምትቈጥረው ሽሮ የምትሠራው ሴት ናት።

፮. ያልተጻፈው መዝገብ

የታላላቆቹ ቤቶች ታሪክ በመጠኑም ቢሆን ተጽፏል። የእቴጌይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ቃጠሎ ከፊሉ በተጎዳ ጊዜ ሕዝቡ እንደ ቅርስ አዝኖለታል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት በፈረሰ ጊዜም የብዙ ቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች ስም በሰዎች አንደበት ተወስቷል። በየዳርቻው ያሉት ትንንሽ ቤቶች ግን ሲዘጉ የሚያነሣቸው የለም። ስማቸው በሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ፣ ፎቶግራፍ ያልተነሡ፣ ማኅደር የሌላቸው ናቸው። መንገድ ሲሰፋ የፊት ክፍላቸው ይነሣል፤ ባለቤቲቱ ወደ ሌላ ዳርቻ ትሔዳለች፤ የዱቤ ደብተሯ፣ ማለትም የአንድ ሠፈር ሠራተኞች የሃያና የሠላሳ ዓመት የኑሮ ታሪክ፣ ማገዶ መለኰሻ ይሆናል።

በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን የዚህን ቤት ዋጋ ዘግይተው ቢሆንም ዐውቀዋል። በዋሽንግተን ከተማ በ1970 ዓ.ም. ገደማ «ማማ ደስታ» የተባለው ምግብ ቤት ሲከፈት ለስደተኛው የሰጠው እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ሥራ የሚጠያየቁበት፣ የአገር ወሬ የሚሰሙበት፣ ለቅሶ የሚደራረሱበት ስፍራ ነበር። ከወልቂጤ ወይም ከደሴ ተዛውሮ አየር ጤና የገባ ሠራተኛም የሚፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሙያ ማኅበሩ ያለ አንጋፋ ባልደረባ ሁለት ቀላል ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው፣ አዲስ የተዛወረውን ባልደረባ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ብቻውን እንዳይበላ ማድረግ ነው፤ የእቴጌ ሆቴልን የመጀመሪያ ተመጋቢዎች ያስቸገረው ኀፍረት ዛሬም በእርሱ ላይ አለና። ሁለተኛው፣ በወጣትነቱ በኮንትራት የበላበትን ቤትና ያበላችውን ሴት፣ ዓመቱንና ዋጋውን ጨምሮ፣ በጽሑፍ ማኖር ነው። የቀድሞ ዘመን ጸሐፍት የግብሩን ሥርዓት ባይመዘግቡት ኖሮ ዛሬ ያ ዘመን እንዴት ይበላ እንደ ነበረ የሚታወቅ አይሆንም ነበር። የደመወዝተኛው ገበታም እንዲሁ ጸሐፊውን ይጠብቃል።