ዘፋኙን ማን አለበሰው? ከክብር ዘበኛ እስከ ቪዲዮ ክሊፕ



በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል እንማራለን፣ እናስተምራለንም። ልብስን ግን ብዙም አናነሳም። የገበያ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይመስለንም። ተማሪዎቻችን ግን በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው የዘፈን ክሊፕ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ዜማው አይደለም። "ጫማውን አየኸው?"፣ "ይቺ ቀሚስ የየት አገር ናት?"፣ "ፈረሱ የራሱ ነው እንዴ?" ነው የሚባባሉት። ጥያቄው ጥሩ ነው። ትንሽ ገፋ ካደረግነው የአገራችንን የመቶ ዓመት ታሪክ ያሳየናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር እየጠየቅን እንሄዳለን፤ ዘፋኙን ማን አለበሰው? ለማን ዓይን ተብሎስ ነው የለበሰው? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የደንብ ልብስ የለበሰ ሙዚቃ

የጥንቱ አዝማሪ የተለየ የመድረክ ልብስ አልነበረውም። እንደ አድማጩ ሁሉ ጋቢውን ወይም ኩታውን ለብሶ ይመጣል፤ አዝማሪ መሆኑን የሚናገረው የያዘው ማሲንቆ ነው። በሙያው ቢወደድም በማኅበረሰቡ ዘንድ "አዝማሪ" የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይቆጠር እንደነበር የምናውቀው ነው።

ይህን የለወጠው የደንብ ልብስ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጆቻቸውን ያጡ 40 የአርመን ወጣቶች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር የደረሰው ሰው ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች ራሳቸው ከእልቂት የተረፉ ስደተኞች ነበሩ። የዘመናዊ ሙዚቃችን አንዱ መነሻ የስደተኛ ልጆች ቡድን ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሙዚቃ በአብዛኛው በመንግሥት ቤት አደገ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ጥላሁን ገሠሠ በሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ ወደ ክብር ዘበኛ ገባ። ብዙነሽ በቀለም በዚያው ዘፍናለች። ማህሙድ አህመድ ደግሞ ጫማ ከመጥረግ ተነስቶ እዚያ የደረሰ ሰው ነው። የእነዚህን ቡድኖች የድሮ ፎቶግራፎች ያየ ሰው የሚያስታውሰው በረድፍ የቆሙ፣ አንድ ዓይነት ኮት የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ቢራቢሮ ክራቫት ያሰሩ ወጣቶችን ነው። ልብሱን የሰፋው መንግሥት፣ ደመወዝ የሚከፍለውም መንግሥት ነው።

ይህ ኮት ሁለት ሥራ ሠርቷል። በአንድ በኩል ዘፋኙን ከስድብ አወጣው። ክራቫት ያሰረን የመንግሥት ሠራተኛ ማን ደፍሮ ይንቃል? በሌላ በኩል ግን ዘፋኙን የቤቱ ሰው አደረገው። በታኅሣሥ 1960 በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ጥላሁንም ለተወሰነ ጊዜ ታስሯል። የሚያስከብር ልብስ የሚያሳስርም ሆነ ማለት ነው።

የኤልቪስ ፀጉር፣ የ"ተማር ልጄ" ድምፅ

የፖሊስ ኦርኬስትራ ካፈራቸው ዘፋኞች አንዱ ዓለማየሁ እሸቴ (1941–2021) ነው። ዓለማየሁ በወጣትነቱ የአሜሪካ ፊልም ወዳድ ነበር። ኤልቪስ ፕሪስሊን በሲኒማ አይቶ ፀጉሩን እንደ እሱ አሳደገ፣ እንደ እሱ ለበሰ፣ ዘፈኖቹንም በእንግሊዝኛ ዘፈነ። "የኢትዮጵያው ኤልቪስ" የሚለው ስም ወጥቶለት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ኮረጀ" ብሎ ያልፋል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። በዚያ ዘመን ከደንብ ልብስ መውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሁሉም አንድ ዓይነት ኮት በለበሰበት መድረክ ላይ አንድ ወጣት ፀጉሩን ራሱ በመረጠው መንገድ ሲያበጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፋኙን ያለበሰው አለቃው ሳይሆን ራሱ ሆነ። የመረጠው ልብስ የሰው አገር ይሁን እንጂ ምርጫው የራሱ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ዓለማየሁ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ዝናው ከፍ ያለው በእንግሊዝኛ ሲዘፍን ሳይሆን በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ነው። ሰው እንዲያየው ያደረገው ፀጉሩ ነው፤ ሰው እንዲሰማው ያደረገው ግን ቋንቋው ነው። ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ "ተማር ልጄ" የሚለው መሆኑን አትርሱ። አባት ለልጁ ስለ ትምህርት የሚሰጠውን ምክር የዘፈነልን ይኸው የኤልቪስ ፀጉር ያለው ሰው ነው። መልኩን ብቻ አይቶ "ይሄ ፈረንጅ አምላኪ" ያለ ሰው ዘፈኑ አምልጦታል።

በ1969 አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁም መጀመሪያ ያወጣው የዓለማየሁን ሸክላ ነበር። በጊዜው ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ስለነበር የአምሐ ሥራ ድፍረት ነበር። ሸክላውን ሕንድ አገር አስቀርጾ አስመጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ አልበሞች አወጣ። የሙዚቃ መደብሩ ስም "ሐራምቤ" ነበር፤ ኬንያ ውስጥ ላለን ሰዎች ቃሉ ትርጉም አያስፈልገውም። ከዚህ በኋላ አንድ ዘፋኝ መድረክ ላይ ባይታይም በሸክላው ሽፋን ላይ ይታያል። አፍሮ ፀጉር፣ ቤል ቦተም ሱሪ፣ ሰፊ ኮሌታ የዘፈን ማሻሻጫ ሆኑ። አልባሹም ከመንግሥት ወደ ገበያ ተሻገረ።

የቀሚስ ዋጋ

ታዲያ ይህ ነፃነት ለሁሉም እኩል አልነበረም። በመጋቢት 1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች "የባህል ወረራ ነው" ብለው ተቃወሙ፤ ወደ ትርዒቱ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፣ ተመቱም። ጉዳዩ ወደ ፖለቲካ ተዛመተና ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ የተማሪ መሪዎችም ታሰሩ።

በተማሪዎቹ ተቃውሞ ውስጥ እውነት ነበረ። ገበሬው ተራቁቶ ሳለ የፈረንጅ ሚኒ ስከርት ማሳየት ምን ይጠቅማል ብለው ነው የጠየቁት። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ተቃዋሚዎቹ ወንዶች ራሳቸው የለበሱት ሱሪና ጃኬት ከየት የመጣ ነው? የወንዱ የሰው አገር ልብስ "ዘመናዊነት" ሲባል የሴቷ ደግሞ "ክህደት" ተባለ። የሴት ልብስ የአገር ባንዲራ ተደርጎ ሲቆጠር ቅጣቱንም የምትከፍለው እሷ ናት። ይህ ነገር በ1968 የቀረ አይደለም። ዛሬም በአንድ ክሊፕ ውስጥ ወንዱ በጂንስ ሲዘፍን ሴቷ የባህል ቀሚስ ለብሳ እንስራ ተሸክማ ከኋላው ታልፋለች።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። በ1963 የተቋቋመውና በኋላ ተስፋዬ ለማ የመሩት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት ባንድ ላይ አሰልፎ፣ ተጫዋቾቹን የአገር ልብስ አልብሶ መድረክ ላይ አወጣ። በ1969 አሜሪካ ድረስ ሄዶ አሳይቷል። ኮቱና ክራቫቱ ያላስፈለገው ሙዚቃ "ኋላ ቀር" እንዳልሆነ ያረጋገጠ ቡድን ነው።

ሕዝብ ለሕዝብ

በ1974 አብዮት ፈነዳ። የሰዓት እላፊ የሌሊት ሙዚቃውን ዘጋው፤ አምሐ እሸቴም በ1975 ከአገር ወጣ። አልባሹ እንደገና መንግሥት ሆነ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። በ1984 ደግሞ ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በጥቁርና ነጭ ምስል የማይለይ ጥለት በቀለም ሲታይ ራሱን የቻለ ትርዒት ይሆናል።

በዚያው በ1984 እና 85 ግን ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ያየው ሌላ ምስል ነበር፤ ረሃብ። ብጣሽ ጨርቅ የለበሰ የከሳ ሕፃን የአገራችን መታወቂያ ሆነ። በ1987 እና 88 "ሕዝብ ለሕዝብ" የተባለው ትልቅ የኪነት ጉዞ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የተዘዋወረው በረሃቡ ጊዜ ለተደረገው እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ ነው። ዘፋኞቹና ተወዛዋዦቹ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ልብስ እየቀያየሩ ለበሱ፤ ጋሻና ጦር፣ ዱላና እንስራ ያዙ። ለብጣሹ ጨርቅ የተሰጠ መልስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። "እኛ የምትለምን እጅ ብቻ አይደለንም" የሚል መልስ ነው። ብዙ ሰው ያንን ትርዒት በፍቅር የሚያስታውሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ ሌላውንም ገጽ ማንበብ አለበት። ያ መንግሥት በመድረክ ላይ ሁሉንም ብሔረሰብ ሲያስጨፍር በሰሜን ጦርነት ይካሄድ ነበር፤ ሰውም ድንበር እያቋረጠ ይሰደድ ነበር። የአንድን ሕዝብ ልብስ መድረክ ላይ ማውጣትና የዚያን ሕዝብ ድምፅ መስማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ2006 ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 የተከበረውን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ስናነብም ይህንኑ መጠየቅ እንችላለን።

ክሊፕና ዕቃዎቹ

ከ1991 በኋላ ቪሲዲ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት መጣና እያንዳንዱ ዘፈን ክሊፕ ይፈልግ ጀመር። አንድ ክሊፕ የአንድን ሕዝብ ኑሮ በጥቂት ደቂቃ ማሳየት ስላለበት ቶሎ የሚታወቅ ዕቃ ይመርጣል፤ ጎጆ ቤት፣ ጀበና፣ ፈረስ፣ ጭራ። ለከተማ ዘፈን ደግሞ የፀሐይ መነጽርና የተከራዩት መኪና። ቴዲ አፍሮ በ2012 ባወጣው "ጥቁር ሰው" አልበም ርዕስ ዘፈን ክሊፕ ላይ የዓድዋ ጦርነት በዘመኑ ልብስ፣ በጋሻ፣ በጦርና በፈረስ እንደገና ተሠርቶ እናያለን። ለብዙዎች የኩራት ምስል ነው፤ የአፄ ምኒልክን ዘመን በሌላ ትዝታ ለሚያስቡ ደግሞ ያው ልብስ ሌላ ስሜት ያመጣል። ልብሱ አንድ፣ ተመልካቹ ሁለት ማለት ይህ ነው።

የመድረክ ልብስ አንድ አደጋም አለው። ቆይቶ እውነተኛውን ልብስ ይተካል። በክፍል ውስጥ ይህን ስናነሳ አንዲት የቦረና ልጅ "ክሊፑ ላይ የቦረና ልብስ ይሉታል፣ እናቴ ግን እንደዚያ ለብሳ አይቻት አላውቅም" አለች። ከኡራን ሞያሌ ገበያ የወጣ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ወንዶቹ ሸሚዝና ሽርጥ ለብሰው ራሳቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመዋል፤ ሴቶቹ ከሱቅ የተገዛ ደማቅ ጨርቅ ተከናንበዋል። ቆዳና ዛጎል በዋናነት የቀረው መድረክ ላይ ነው። ታዲያ የቱ ነው "ትክክለኛው"? መልሴ፣ ሁለቱም ታሪክ ናቸው የሚል ነው። ነገር ግን የክሊፑን ልብስ አይተን እናቷን "ባህሏን የተወች" ብንል በደል እንፈጽማለን።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በየዓመቱ ሰኔ አጋማሽ (ጁን 20) የስደተኞች ቀን ሲደርስ በየትምህርት ቤቱ የባህል ትርዒት እናዘጋጃለን። ልብስ ያለው ያበድራል፣ የሌለው ይበደራል። ካሜራም ይመጣል። አንዳንዴ ፎቶግራፍ የሚያነሳን ሰው የሚፈልገው ብጣሹን ጨርቅ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ጋሻና ጦሩን። እኛ በሁለቱ መካከል ያለን ሰዎች ነን፤ ዩኒፎርም ለብሰን ወደ ክፍል የምንገባ፣ ደብተር የያዝን። ከክብር ዘበኛ ኮት እስከ ክሊፑ ፈረስ ያየነው ታሪክ የሚለን አንድ ነገር ነው፤ ሰውን የሚያለብሰው ሌላ ሲሆን የሚናገርለትም ሌላው ይሆናል። ስለዚህ ለትርዒቱ ልጆቹን ከማሰለፋችን በፊት እንጠይቃቸው፤ "አንተ ምን መልበስ ትፈልጋለህ? አንቺስ ምን ይዘሽ መታየት ትፈልጊያለሽ?" ከእናቷ ሽርጥና ከደብተሯ ጋር መውጣት የፈለገች ልጅ ካለች ትውጣ። እሱም ባህል ነው።

ለመምህራን፦ በክፍል ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንድ የምትወዱትን ክሊፕ ምረጡ። ዘፋኙ የለበሰውንና የያዘውን ዕቃ በሙሉ ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ በቤታችሁ ያለው የቱ ነው?
2. በ1968 የተማሪዎቹ ተቃውሞ ትክክል የነበረው በምኑ ነው? የተሳሳተውስ በምኑ?
3. አያታችሁን ወይም አንድ አዛውንት ጠይቁ፤ በወጣትነታቸው ለሠርግ ምን ይለበስ ነበር? መልሱን ከክሊፕ ጋር አወዳድሩ።